የተደለዘችው መስመር

ጥቁሩ ሱፍ ቢሮው ከገባ ወዲህ ጠበቃ ሰርፀ ወንበሩ ላይ ተረጋግቶ መቀመጥ አቅቶታል። ሱፉ ከነሸሚዙ ከነከረባቱ በላስቲክ ተሸፍኖ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። የገዛው የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ነጋ ነው። የሚለብሰው ደግሞ ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ አስከሬን ማቆያው ፊውነራል ሆም ፍሪጅ ውስጥ የተኛው አምባቸው ሰዒድ ነው። ጋሽ ነጋ «ፊውነራል ሆሙ ላንተ ቅርብ ነው፣ እስከ ቅዳሜ እዚህ ይዋል» ብሎ ሰቅሎት ከአትላንታ ማዶ ስማይርና ወዳለው ጋራዡ ተመለሰ። እሱ ምን ቸገረው! ከሱፉ ጋር የሚውለው ሰርፀ ነው። ኤሲው በተነሳ ቁጥር ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል፣ ባዶው እጅጌ ቀስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ይዞራል። ከዚያ ያ ድምፅ ይመጣል።

«እኔ እኮ፣ አቶ ሰርፀ…»

የአምባቸው ድምፅ ነው። ንግግሩን ጨርሶ አያውቅም፣ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ይቋረጣል። ሌሊት ቢሆን እሺ፣ ሰው ሌሊት ብዙ ነገር ይሰማል። ይሄ ግን በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ውጭ የዲኬተር ሰው አደባባዩ ላይ ምሳውን እየበላ። ልጅ ሳለ እናቱ «ቀትር ላይ ብቻህን ወንዝ አትውረድ» ትለው ነበር። ዲኬተር ወንዝ የለም፣ ያለው ባቡር ነው። የቀትር ጋኔን ግን ባቡር መሳፈር አያቅተውም መሰለኝ።

የአትላንታ ሐበሻ ሰርፀን የሚያውቀው በጽሑፉ ነው። እንጀራው የኢሚግሬሽን ጉዳይ ነው፤ ልቡ ያለው ግን መንግሥትና ሃይማኖት መለያየት ላይ ነው። በሐበሻ ሱቆች ደጃፍ በነጻ በምትታደል ወርኃዊ መጽሔት ላይ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስለዚሁ ጽፏል። ዳኛ የሰውን ልብ የሚከፍት ቁልፍ የለውም፤ መንግሥት ጫማውን አውልቆም ቢሆን መቅደስ አይግባ፤ ይላል። ሸጋ አድርጎ ይጽፋል፣ ሐቁን መካድ አይቻልም። ሰው ገጹን በስልክ ፎቶ እያነሳ ይላላከዋል።

ከሦስት ዓመት በፊት ዕድሩ ሊሰነጠቅ ሲል ያዳነውም እሱ ነው። ዕድሩ ስልሳ ሦስት አባል አለው፤ ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም አንድ ላይ። ሰው ሲገባ ፎርም ይሞላ ነበር፤ ስም፣ ስልክ፣ ተጠሪ፣ መጨረሻ ላይ «ሃይማኖትዎና የቀብርዎ ሥርዓት» የምትል አንዲት መስመር። ፎርሙ ፖስታ ውስጥ ይታሸጋል፣ የሚከፈተውም ባለቤቱ የሞተ ቀን ብቻ ነው። አገር ቤት ወሬው ሲከፋ ግን እዚህም ሰው መተያየት ጀመረ። የኛ ስንት ነን፣ የነሱ ስንት ናቸው? ፖስታው ይከፈትና እንቆጠር የሚል ሁሉ ተነሳ። ሰርፀ ብድግ አለና «ዕድር ሬሳ ይቀብራል እንጂ ነፍስ አይመዘግብም!» አለ። ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው።

በዚያው ቀን አንቀጽ ሰባት ተጻፈ። «ዕድሩ የአባሉን ሃይማኖት አይጠይቅም፣ አይመዘግብም፣ አያውቅም። ሥርዓቱን ቤተሰብ ይወስናል።» ያቺ መስመርም ከየፎርሙ እንድትደለዝ ተወሰነ። ማን ይደልዛት? ጠበቃው ነዋ፣ ምስጢር ጠባቂው። ሰርፀ በሰው ፊት ቀኝ እጁን አንስቶ «ሳላነብ» ብሎ ቃል ገባ። አንድ ቅዳሜ በዚሁ ቢሮ ተቀምጦ ስልሳ ሦስቱን ፖስታ ከፈተ፣ ስልሳ ሦስቱን መስመር በወፍራም ጥቁር ማርከር ደለዘ፣ ፎርሞቹን ስካን አደረገ፣ ወረቀቱን መበጣጠሻው ሽሬደር ውስጥ ከተተው። ቤተሰብ የሌለው ሰውስ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሐበሻ ቤተሰብ የሌለው ሰው መኖሩን ማሰብ አይወድም።

በሳምንቱ አምባቸው መጣ።

አምባቸው ኤርፖርት አጠገብ መንገደኛ የሚያመላልስ የፓርኪንግ ሻትል የሚነዳ፣ ዕድሜው ወደ ስልሳ አምስት የተጠጋ ሰው ነበር። ዲቪ ደርሶት ብቻውን መጣ፣ ብቻውን ኖረ፤ ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። የወሎ ሰው ነው። «አምባቸው ሰዒድ? ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ስም ነው?» ሲሉት «ወሎ ነዋ!» ይላል፣ ሰው ይስቃል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። የመጣ ዕለት ተቀብሎ ቤቱ ያሳደረው ጋሽ ነጋ ነው። በማግስቱ እሁድ ነበርና «ተነሳ፣ ተሳልመን እንምጣ» ብሎ ቤተ ክርስቲያን ይዞት ሄደ። የተቀበለህን፣ ያበላህን፣ አልጋውን የለቀቀልህን ሰው በመጀመሪያው ማለዳ እምቢ ትላለህ? ሄደ። ከዚያ ወዲያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየበዓሉ ድንኳን ሲተክል፣ ወንበር ሲደረድር፣ ከደጅ ቆሞ ጫማ ሲጠብቅ ኖረ። ሥጋ አይነካም። ፋሲካ ዕለት እንኳ ሽሮውን ይዞ ጥግ ይቀመጣል። ጋሽ ነጋ «ይሄ ሰውዬ መናኝ ነው፣ ፍስኩንም ይጾማል!» እያለ በኩራት ያወራለት ነበር።

ያን ቀን ቢሮ ገብቶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«አቶ ሰርፀ፣ ያቺ መስመር ጠፋች አሉ።»

«ጠፋች፣ ጋሽ አምባቸው። ለሁላችንም ሰላም ነው፣ አይስጉ።»

«እኔ ጽፌባት ነበር።» ኮፍያውን በጣቱ አዞረው። «በዕድሜዬ ያቺን ነገር የተናገርኩት እዚያች ወረቀት ላይ ብቻ ነው። መጀመሪያ ቀን ዝም አልኩ። መጀመሪያ ቀን ዝም ካሉ በኋላ ደግሞ… ሰው ደግ ነው፣ እንዴት ላሳፍረው? እና እኔ እኮ፣ አቶ ሰርፀ…»

ሰርፀ መዳፉን አነሳ፣ ትራፊክ ፖሊስ መኪና እንደሚያቆመው። «እንዳይነግሩኝ! ይሄ የእርስዎና የፈጣሪ ጉዳይ ነው። እኔ ማወቅ የለብኝም።» ከዚያ ስለ አንቀጽ ሰባት ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳው። አምባቸው እየነቀነቀ ሰማ፣ ሲጨርስለት ተነሳና «ይቅርታ፣ አስቸገርኩዎት» ብሎ ወጣ። ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው እኮ!

ጠበቃችን ምን አደረገ? ጻፈው። «አንድ አባት የልባቸውን ሊነግሩኝ መጡ፤ አልሰማሁም። በወረቀታቸው ላይ ያሰፈሩትንም አላነበብኩም፣ አላውቅም። ይህ አለማወቅ የሙያዬ ክብር ነው።» እንደዚያ ጽሑፍ የተወደደለት የለም። ንግግር እንዲያደርግ ሦስት ቦታ ጠሩት።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አንብቧል።

ክፋት አስቦ አልነበረም፣ ይህን ልመስክርለት። ማርከሩ መስመሯን እንዲያገኛት ዓይን መቅደም አለበት። የመጀመሪያዋን ሳያስበው አነበባት። ሁለተኛዋ ላይ ዓይኑን ለማንሳት ሞከረ። ከአምስተኛዋ በኋላ ግን ማርከሩን ከድኖ አስቀምጦ እንደ ጋዜጣ ያነብ ገባ። ሰው በታሸገ ወረቀት ላይ እውነቱን ይጽፋል ለካ። አንዷ እናቷ ካሰረችላት ማተብ ጋር እንድትቀበር ጽፋለች። አንዱ፣ እሁድ እሁድ ከሁሉ ቀድሞ ደጀ ሰላም የሚደርስ ሰው፣ «ሃይማኖት የለኝም። ባለቤቴ እንዳትሰማ። ብቻ ሰው በተሰበሰበበት ቅበሩኝ» ብሏል። አምባቸው ደግሞ በእርሳስ፣ እንደ ተማሪ ፊደል በተጠነቀቀ ጽሕፈት፣ «እስላም ነኝ። ሰላት በወጉ አላውቅም። አባቴ ሰዒድ እንደተቀበረው ቅበሩኝ» ብሎ ነበር። ሰርፀ ስልሳ ሦስቱንም አነበበና ስልሳ ሦስቱንም ደለዘ። እጁን ታጥቦ ወጣ።

እንግዲህ አምባቸው ወደ ቢሮው በመጣ ጊዜ ምን ሊል እንደሆነ ያውቅ ነበር። እያወቀ ነው መዳፉን ያነሳው።

አሁን አምባቸው ሞቷል። ሥራ ላይ እያለ ራሱን አመመው፣ ሆስፒታል በገባ በሦስተኛው ሰዓት አረፈ። ስልኩ ውስጥ ያለው ቁጥር ሁሉ የአትላንታ ሰው ሆኖ ተገኘ። ቤተሰብ ካልተገኘ የዕድሩ ኮሚቴ ሦስት ሰው ይፈርማል፤ ጋሽ ነጋ፣ ጸሐፊዋ ነሲባና ሰርፀ። ጋሽ ነጋ የቤተ ክርስቲያን ቀብር አስይዞ ሱፉን ገዛ። ሰርፀ አፉን ቢከፍት ቃሉን የበላ ጠበቃ ይሆናል፣ ስልሳ ሁለት ሰው በሕይወት እያለ ልቡ እንደተነበበ ያውቃል፣ የዘጠኝ ዓመቱ ጽሑፍ መሳቂያ ይሆናል። ባይከፍት አንድ ሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው የደረበበትን ስም ለብሶ ይቀበራል፣ እስከ ዘላለሙ። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው። የሰርፀ ዝምታ በስድስት ቀኑ ነቀዘ።

መጀመሪያ የማርከር ሽታ መጣ። መኪናው ውስጥ፣ ትራሱ ላይ፣ ቁርሱ ላይ። ሰኞ ዕለት አውራ ጣቱ ላይ ጥቁር ነገር አየ፤ ሦስት ዓመት ማርከር ያልነካ ጣት! በሳሙና ፈተገው፣ በአልኮል ፈተገው፣ ቆዳው ቀላ እንጂ ጥቁሩ አልለቀቀም። ማክሰኞ አንድ ደንበኛ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሲያወራ የሰውየው አፍ ላይ ጥቁር መስመር ተጋድሞ ታየው፣ የሚለውን አንዱንም ሳይሰማ ሸኘው። ዛሬ ረቡዕ ደግሞ ለመጽሔቱ ሊጽፍ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የወጣው፤ ቀና ብሎ ሲያነበው «እኔ እኮ» ይላል። በድንጋጤ አጠፋው። ኤሲው ተነሳ፣ እጅጌው ዞረ።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው መጣ። ጋሽ ነጋ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ድምፁ እንደ ጋራዡ ሞተር ነው፣ ገና በሩ ላይ ሆኖ ያወራል። ነሲባ ዱሉዝ ከተማ የመጋዘን ሱፐርቫይዘር ናት፤ እሷም ወሎዬ ናት፣ ቀጥተኛ፣ አንድ ነገር ከጀመረች የማትለቅ። የሥራ ቬስቷን እንኳ ሳታወልቅ ከሺፍት በቀጥታ መጥታለች።

«አንድ ችግር አለ» አለ ጋሽ ነጋ እየተቀመጠ። «ቄሱ ደውለው የክርስትና ስሙን ላኩልኝ አሉ። ያለዚያ ፍትሐት አይቻልም። ማን ያውቅለታል?»

«ንስሐ አባቱስ?» አለች ነሲባ።

«ንስሐ አባት የለውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አለመጠየቄ! እኔን አፈር ያስበላኝ!» አንገቱን አሸና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሙት። ቅዳሜ መቶ ሰው ይመጣል። አንድ ስም እንስጠው። ገብረ ማርያም እንበለው፣ ማን ይቀየማል? እግዜር የሰውን ልብ ያያል።»

«ለሞተ ሰው ክርስትና ልታነሳ ነው፣ ጋሽ ነጋ?» አለች ነሲባ።

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ሜዳ ላይ ልጣለው?»

ነሲባ ወደ ሰርፀ ዞረች። «አንተ የጻፍከው አንድ ነገር ነበር። አንድ አባት ሊነግሩኝ መጡ ያልከው። እሱ ነበር አይደል?» መልስ ሳትጠብቅ ስልኳን አውጥታ ፈለገችውና ጮክ ብላ አነበበችው። «‹አላነበብኩም፣ አላውቅም። ይህ አለማወቅ የሙያዬ ክብር ነው።›» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይሄው ክብርህ። ሰውየው ስም አጥቶ ተኝቷል።»

ጋሽ ነጋ ወረቀቱን ገፋለት። የእሱ ፊርማ አለበት። የክርስትና ስም በሚለው ላይ «ገብረ ማርያም» ተብሎ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል። ሰርፀ እስክሪብቶ አነሳ። ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ፤ ኤሲው ግን በዚያች ሰዓት አልተነሳም ነበር።

«እኔ እኮ፣ አቶ ሰርፀ…»

«ሙስሊም ነው» አለ ሰርፀ።

ሁለቱም ቀና ብለው አዩት።

«እስላም ነኝ፣ ሰላት በወጉ አላውቅም፣ አባቴ ሰዒድ እንደተቀበረው ቅበሩኝ። እንዲህ ነው የጻፈው። በእርሳስ።» እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አንብቤዋለሁ። ከመደለዜ በፊት አነበብኳት። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊነግረኝ ሲል አፉን ያስያዝኩትም እያወቅኩ ነው። ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

መጀመሪያ የተነሳችው ነሲባ ናት። «ስድስት ቀን!» አለች። «አንድ ሌሊት ማደር የማይገባው ሰው ስድስት ቀን ፍሪጅ ውስጥ! አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ፣ እያወቅክ!» ከዚያ ቁጣዋ በመሐል ተሰበረ። «ባለፈው አረፋ ቤቴ ጠርቼው ነበር። ሥጋ አይበላም ስለምትሉ ሽሮ አቀረብኩለት። እሱ ግን ጥብሱን ወደ ራሱ ሳበው። ሁለቴ አስጨመረ። የእጄ ሙያ መስሎኝ እኔ ጅሏ ኮራሁ!» እንባዋን በቬስቷ ጠረገች፣ ስልኳን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ወጣች። ከበሩ ውጭ ለመስጊዱ ሰዎች ስትደውል ይሰማል። ስለ ገላ አጣቢ፣ ስለ ከፈን፣ ነገ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በፊት ስለሚቆፈር ጉድጓድ።

ጋሽ ነጋ አልጮኸም። ወረቀቱን ወስዶ በአራት ቀደደው፣ ቁራጩን ኪሱ ከተተ። «ፍስኩን ይጾማል እያልኩ አወራሁለት» አለ፣ ለራሱ ነው። ሱፉን ከበሩ አውርዶ ክንዱ ላይ አጠፈና ሰርፀን ሳያየው ወጣ።

በማግስቱ ቀትር ላይ አምባቸው ተቀበረ። ሱፍ የለ፣ ሳጥን የለ፤ ነጭ ጨርቅ፣ በቀኝ ጎኑ፣ አባቱ እንደተቀበረው። ከዕድሩ አርባ ያህል ሰው መጥቶ ነበር። ሙስሊሞቹ ሲሰግዱ ሌላው ከኋላ ቆሞ ጠበቀ። አፈር ሲመለስ ጋሽ ነጋ ከረባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ አካፋ ተቀበለ፣ ሊያግዙት ቢሉት እምቢ አለ፣ ላቡ እስኪንቆረቆር አፈሩን ዝቆ መለሰ። ሰርፀ ከአጥሩ አጠገብ ነበር። አብዛኛው ሰው ሰላም ሳይለው ነው ያለፈው። ወሬ ከዱሉዝ ስማይርና ለመድረስ አንድ ሌሊት አይፈጅበትም። የመጣውም የቀረውም በየልቡ የየራሱን መስመር እያስታወሰ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሆነ። ድምፁ ጠፋ። የመጨረሻው አካፋ አፈር ሲወርድ ሰርፀ ጆሮውን አቅንቶ ጠበቀ። ምንም የለም። አልቅሶ የማያውቅ ሰው እዚያ አጥር ላይ ተደግፎ አለቀሰ። አውራ ጣቱንም አየው፣ ጥቁሩ የለም።

ፓርኪንጉ ላይ ጋሽ ነጋ ጠበቀው። ባለቤቱ እትዬ ፋናዬ ነጠላቸውን እንደለበሱ መኪናው ውስጥ ተቀምጠዋል፣ መስኮቱን ዘግተው። ጋሽ ነጋ የኋላ ኮፈኑን ከፈተና ሱፉን አወጣ፣ ከነላስቲኩ።

«ከአምባቸው ጋር ቁመታችን አንድ ስለሆነ በራሴ ልክ ነው የገዛሁት» አለ። ከዚያ ወደ መኪናው አየት አድርጎ ድምፁን አወረደው። ያ ሞተር የሚመስል ድምፅ ሹክሹክታ ሆነ። «የኔንም አንብበሃል፣ ‹ባለቤቴ እንዳትሰማ› የምትለዋን።»

ሰርፀ ሊክድ ይችል ነበር። ጠበቃ ነው፣ ሙያው ነው። «አንብቤያለሁ፣ ጋሽ ነጋ» አለ።

ጋሽ ነጋ ራሱን ነቀነቀ፣ እንደ ደከመ ሰው። «አርባ ሁለት ዓመት አብራኝ ቆርባለች። ቀድሜያት እንደምሄድ አውቀዋለሁ፣ ልቤን ያመኛል። አሁን ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም።» ሱፉን እጁ ላይ አስያዘው። «ታዲያ እኔ ስሞት ምን ትላለህ?»

ሰርፀ አፉን ከፈተ። «እኔ እኮ፣ ጋሽ ነጋ…»

ጋሽ ነጋ መዳፉን አነሳ። እትዬ ፋናዬ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «ኧረ ና፣ ፀሐዩ በላህ! ለጠበቃውም ደህና ዋል በልልኝ» እያሉ ነበር። ጋሽ ነጋ ፈገግ አለላቸው። «መጣሁ፣ ፋኑዬ» አለና መኪናው ውስጥ ገባ።

ሰርፀ ሱፉን ይዞ ዲኬተር ተመለሰ፣ ሌላ የሚያስቀምጥበት ቦታ አጥቶ ከበሩ ጀርባ ሰቀለው። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ኤሲው ተነሳ።